ከባሕር በታች የሚጓዘውን ጋዝ በስሌት መከተል፦ ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንደተማርሽ፣ በባሕር ወለል በተዘረጉ ቧንቧዎች የሚያልፈውን የተፈጥሮ ጋዝ በሞዴል ማስላት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። «ኩባንያዎቹ የሚጠቀሙበትን ውድ ሶፍትዌር ሳልማር ማን ይቀጥረኛል?» ላልሽው፣ ሶፍትዌሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ የራስሽን ትንሽ ሞዴል ጻፊ እላለሁ።

ከኖርዌይ እስከ እንግሊዝ የሚዘልቀውን የላንግሌድ ጋዝ ቧንቧ እንውሰድ። ርዝመቱ 1,166 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ባለ ቧንቧ ግፊትና ሙቀት የሚለካው በሁለቱ ጫፎች፣ ቢበዛም መሃል ላይ ባሕሩ ውስጥ በቆመ መድረክ (ፕላትፎርም) ነው። በቀረው ርቀት ምን እየሆነ እንዳለ የሚናገረው ስሌቱ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ ግፊቱ ቢለወጥ፣ ለውጡ በጋዙ ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ሄዶ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መውጫው ይደርሳል። ጋዙ ራሱ ግን በሴኮንድ ጥቂት ሜትር ስለሚሄድ ቀናት ይፈጅበታል። ሁለቱ በአንድ ኮድ ውስጥ ሲታዩ ደስ ይላል፤ እኔን እስካሁን ደስ ይለኛል።

ሙቀቱ አይለወጥም ብለሽ ጀምሪ፤ የመጠነ ቁስና የሞመንተም (የእንቅስቃሴ መጠን) እኩልታዎች ይበቁሻል። ቀጥሎ የኃይልን እኩልታ ጨምሪ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። ጋዙ መግቢያው ላይ ካለው መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) ሞቆ ይወጣል፣ ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል። ወደ መውጫው ሲቃረብ ደግሞ ግፊቱ እየወረደ ስለሚሄድ ከውኃው ይበልጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቧንቧው ከተቀበረ ዙሪያው ያለው አፈር ሙቀት ስለሚያከማች፣ ፍሰቱ በተቀያየረ ቁጥር ይህን የዘነጋ ሞዴል ይስታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ። ውጤትሽ ከልኬቱ ጋር አልገጥም ሲል የቧንቧውን ውስጣዊ ሻካራነት ከፍ ዝቅ አድርጎ ማስማማት ቀላል ነው። ግን ስህተቱ የባሕሩ ሙቀት ወይም የጋዙ ይዘት ላይ ከነበረ ሸፈንሽው እንጂ አላረምሽውም፤ ፍሰቱ ሲለወጥ ተመልሶ ይመጣል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሞዴሌ እዚህ ጋ ይስታል፣ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል አመልካች ሶፍትዌሩን ጠንቅቆ ከሚያውቀው ይበልጥብኛል።

የሶፍትዌሩ አጠቃቀም ሥራ ላይ ይለመዳል። የቁጥር ስሌት ዘዴዎችና ቴርሞዳይናሚክስ ግን አሁኑኑ ይከለሱ። ሙቀትን የጨመርሽበትን ስሌት ካልጨመርሽበት ጋር በአንድ ግራፍ አድርገሽ ላኪልኝ፤ የማመልከቻ ደብዳቤሽን ከዚያ ተነስተን አብረን እንጽፋለን።