አምባዛ ጭቃ ጭቃ ሲል

ከአሞራ ገደል፣ ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ የገዛኸው አምባዛ ዓሣ ሎሚ ጨምረህበትም ጭቃ ጭቃ ያለህ ከነቆዳው ስለጠበስከው ነው። ሽታው በብዛት ያለው ቆዳው፣ ስቡና ጠቆር ያለው ሥጋ ላይ ነው። ቅመም ብታበዛ አይሸፍነውም።

1. ጭንቅላቱ ሥር ዙሪያውን በቢላ ብጣው። ያሟልጫል፤ ቆዳውን በጨርቅ ይዘህ ወደ ጭራው ሳበው።

2. በጎኑ የሚሄደውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋና ስቡን ቆርጠህ ጣል። እዚህ ላይ አትሰስት።

3. አሁን ሎሚና ጨው ቀባውና 20 ደቂቃ ያህል አቆየው። አጥበህ በደንብ አድርቀው፤ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይፈናጠርብሃል።

ከዚያ ዱቄት ነስንሶ በጋለ ዘይት መጥበስ ነው። ቆሮሶ (ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቲላፒያ) የለመደ አፍ መጀመሪያ ሊከብደው ይችላል፤ አምባዛ ቅባት አለው፣ ሥጋውም ወፍራም ነው። ግን እሾህ ስለማያበዛ ለልጆች እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልብ በል። ለእንግዳ ከሆነ አስቀድመህ ንገር። ቅርፊት የለውም ብለው በእምነታቸው የማይበሉት ብዙ ናቸው። ዓሣ ነው ብለው ጀምረው፣ አምባዛ መሆኑን ሲሰሙ እጃቸውን የሰበሰቡ አይቻለሁ። ለእነሱ ቆሮሶ ለብቻው ጥበስ፤ ዘይቱንም ለይ።