«ደግና ሰው አክባሪ ነበሩ» ከማለታችን በፊት

በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ ማንም ሳይሾመኝ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሆኛለሁ። አማርኛ ይጽፋል ተብዬ ነው። ሰው ሲያርፍ፣ የቀብሩ ዋዜማ ማታ ላይ ስልኬ ይጮኻል። «ጋሼ፣ ነገ የሚነበብ አንድ ገጽ ብቻ...» ይሉኛል። እኔም «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብዬ እጀምርና «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ላይ አደርሰዋለሁ። መሃሉ ላይ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» አለ። ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። አንድ ጊዜማ ቸኩዬ የሌላ ሰው ታሪክ ላይ ስም ቀይሬ ልኬያለሁ። ማንም አላወቀብኝም። ያሳፈረኝ እሱ ነው።

አምና አንድ ወዳጃችን አረፈ። በሱዳን በኩል የወጣ፣ ገዳሪፍ ላይ ወባ ሊጨርሰው የነበረ፣ እዚህ ደርሶ ማታ ማታ ታክሲ እየነዳ አራት ልጅ ያሳደገ ሰው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ልጆቹ ሲደውሉልኝ ዛሬ አልጽፍም አልኳቸው። ደብተር ይዤ ለቅሶ ቤቱ ገባሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እናንተም እንዲህ አድርጉ ነው የምለው። የመጀመሪያው ቀን ልቅሶ ነው፣ ምንም አይገኝም። በሁለተኛው ማታ ሰው ሻይ ይዞ መጫወት ይጀምራል። ታሪኩ የሚወጣው ያኔ ነው።

አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ባሏ ሥራ ላይ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፤ በነጋታው ሚስቱ ያገነፋችውን ገንፎ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞላት ሄደ። ደብሩ የራሱ ሕንፃ ሳይኖረው፣ አዳራሽ ተከራይተን በምንቀድስበት ዘመን፣ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ መጋረጃ የሚሰቅለው እሱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ባለቤቶቹ ሳይመጡ ሁሉን ያነሳል። በረዶ ሲጥል ደጁ ላይ ጨው ይበትናል። ሰበካ ጉባኤ ተመርጦ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ ተጠቁሞ «እኔ ወንበር ልደርድር» ብሎ እምቢ ብሏል።

ሴት ልጁ የነገረችኝን ግን ማንም አያውቀውም ነበር። እሑድ እሑድ ኳስ ትጫወታለች። አባቷ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ሜዳው ዳር ይቆማል። «በጣም አፍር ነበር» አለችኝ። «እባክህ ነጠላውን መኪና ውስጥ ተወው አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ነጠላውን ትቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ራቅ ብሎ ነበር የሚቆመው።» ይህንን ጻፍኩት። አንዳንድ ዘመዶች «ይኼማ ለቀብር አይሆንም» አሉ። ልጅቷ ይነበብ አለች፤ ተነበበ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ነገሮች ላንሳ።

መርዶ ሳይነገር ፎቶ አትለጥፉ። አገር ቤት መርዶ በጠዋት፣ በሽማግሌ፣ በአካል ነው የሚነገረው። የእኛ ሰው ግን ሆስፒታል በር ላይ ሆኖ ሻማ ያለበት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይጭናል፤ እናት የልጇን ሞት ከጎረቤት ልጅ ስልክ ታያለች። መጀመሪያ አገር ቤት ላለ አንድ ብስል ሰው ደውሉ። እሱ ሰው አሰባስቦ እስኪያረዳ ታገሡ።

የክርስትና ስም ፈልጉ። ፍትሐቱ የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው እንጂ በፓስፖርት ስም አይደለም። ካህኑ ሲጠይቁ ልጆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ስንቴ አይቻለሁ! የንስሐ አባት ካላቸው ያውቁታል፤ ካልሆነ እህት ወንድም፣ የክርስትና አባት አይጠፋም። ይህንንማ ሰውየው በቁሙ እያለ መጠየቅ ይቻላል፣ ነውር የለውም። ሌላም አለ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ ለዚያ ሳምንት ሟቾች ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ካረፈ ካህናቱን አትጨቅጭቁ።

የልደት ዘመን ነገር ደግሞ ራስ ምታት ነው። በወረቀት ብዙዎቻችን የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ነው። የወዳጃችን ወረቀት 1958 እ.ኤ.አ. ይላል። አገር ቤት ላለች ታላቅ እህቱ ደወልኩና በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በዘመን ጠየቅኳት፦ የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ የት ነበር? «የኔታ ጋ ፊደል ጀምሮ ነበር» አለች። ግርግሩ፣ የነመንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1960 መጨረሻ ነው፤ የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ መሆኑ ነው። ወረቀቱ አራት ዓመት ገደማ ሰርቆለታል። ታላላቆችን እንዲህ ጠይቁ፤ «ደርግ ሲገባ አግብቶ ነበር?» ብትሉ ወደ 1967 ይወስዳችኋል። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ስትቀይሩም ሁልጊዜ 8 አትቀንሱ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ነው። የትውልድ ቦታውንም እሱ ራሱ ይጠራበት በነበረው ስም ጻፉ። ጠቅላይ ግዛት ይል ከነበረ ጠቅላይ ግዛት ይባል፤ ለቅሶ ቤት የካርታ ክርክር አያስፈልግም።

ሐውልቱን የሚቀርጸው ፈረንጅ ፊደላችንን አያነብም። ጽሑፉን በኢሜይል ከላካችሁለት ኮምፒውተሩ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊታየው ይችላል፤ ገምቶ ይቀርጸዋል። በፒዲኤፍ ወይም በምስል ላኩ። ከመቀረጹ በፊት ናሙናውን ሁለት ሰው ይየው። ሟቹ «ኃይለ» የሚለውን በየትኛው «ሀ» ይጽፍ እንደነበር በፊርማው ላይ ተመልከቱ። ድንጋይ ላይ ማረሚያ የለም።

ስለ ተዝካር ብዙ አልልም። ሳልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ሁሉም ቦታ አላቸው፤ ዋናው ግን ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው። ጎፈንድሚ ተከፍቶ ሰው ያዋጣውን ገንዘብ ለአዳራሽና ለድግስ ማዋል ግን እኔን ያሳቅቀኛል። ይህ የኔ አስተያየት ነው።

የመጨረሻው የልጆች ጉዳይ ነው። ታሪኩ በአማርኛ ብቻ ሲነበብ የልጅ ልጆቹ ጫማቸውን እያዩ ይቀመጣሉ። ሰውዬው ደግሞ የእነሱ ነው። የአማርኛውን ገጽ ቃል በቃል አታስተርጉሙ፤ ከልጆቹ አንዱ በሚቀናው ቋንቋ የራሱን ገጽ ይጻፍ። ሁለቱም ይነበቡ፣ እያንዳንዳቸው ከአምስት ደቂቃ አይለፉ። አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ስልካችሁን ከፍታችሁ «ታሪክህን ንገረኝ» አትበሉ፤ ይኮሳተራሉ። የድሮ ፎቶ አሳዩአቸውና «ይኼ ማነው?» በሉ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ቅዱ።

ወዳጃችን የተቀበረ ሳምንት እሑድ ደብሩ በር ላይ ቆመን ቀረን። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። ወንድ ልጁ ደረሰ፤ ትልቅ የቁልፍ ጉንጉን ይዟል፣ ከታክሲው ውስጥ ነው ያገኘው። ሃያ የሚሆኑ ቁልፎች አሉበት። አንድ በአንድ ይሞክር ጀመር። እኛም ነጠላችንን ተከናንበን ብርዱ ላይ ጠበቅነው።