ውሃውን ለካችሁት ወይ? ስለ ትልልቅ ዓሦች ሕመም ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ትልልቅ የአኳሪየም ዓሦች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ኦስካርም ይሁን አሮዋና፣ ችግር የለም። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት ኦስካር አሳድጌያለሁ፤ በስህተቴ የገደልኳቸውም አሉ፤ አልደብቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ስትጠይቁ የውሃውን ልኬት አብራችሁ ጻፉ። «ዓሣዬ ደህና አይመስልም» ብቻ ካላችሁኝ እኔም «እግዜር ይማረው» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ኦስካሬ 25 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ታች ወርዶ በጎኑ ይጋደማል። ምግብ ስሰጠው ፊቱን ያዞራል። እየሞተብኝ ነው?

መልስ፦ አኩርፎ ሊሆን ይችላል። የምሬን ነው። ኦስካር ድንጋዩን ሲያዘዋውሩበት፣ ጎረቤቱን ሲወስዱበት ወይም ውሃውን ሲበጠብጡበት እንደ ልጅ ያኮርፋል። ተጋድሞ በዐይኑ ብቻ ይከታተልሃል። እኔ ኩርፊያን ከሕመም የምለየው በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻ አካሉ፣ ነው። የስንጥቡ ክዳን ረጋ ብሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ ክንፎቹም ከተዘረጉ፣ ተወው። በሰዓታት ውስጥ፣ ቢበዛ በማግስቱ ይነሳል። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ክንፉን ወደ ሰውነቱ የሰበሰበና ቀለሙ የጠቆረ ከሆነ ግን ኩርፊያ አይደለም። ለዚህ ብለህ ጤነኛ በሆነበት ቀን ስንጥቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ቁጠርና ጻፈው። ያ ቁጥር ከሌለህ «አተነፋፈሱ ፈጠነ» ስትል ከምን ጋር አስተያይተህ ነው?

«በቀየርኩ ቁጥር» ያልከው ግን አልጣመኝም። የገንዳውና የአዲሱ ውሃ ሙቀት ስንት ስንት ነው? ክሎሪኑንስ በምን ታጠፋለህ? ውሃ በባልዲ ሲያድር ክሎሪን ይወጣል፤ ክሎራሚን የሚባለው ሌላው የቧንቧ ውሃ ማከሚያ ግን ቢያድርም አይወጣም፤ ማጥፊያ ይፈልጋል። ለክተህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ የእኔ ውሃ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ለምን እለካለሁ?

መልስ፦ አሞኒያ የሚባለው መርዝ ቀለም ስለሌለው። ዓሣው በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል። በፊልተሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 0 መሆን አለባቸው። ናይትሬትን እኔ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ለማድረግ እጥራለሁ፤ 40 ሲያልፍ ይጨንቀኛል። ትልቅ ዓሣ ደግሞ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። ለትናንሽ ዓሦች የሚበቃ ፊልተር ለአንድ ኦስካር አይበቃም።

ጥያቄ፦ ለስድስት ወር የተነነውን ብቻ እየሞላሁ ቆየሁ፤ ዓሣዬ ምንም አልሆነም። ባለፈው ሳምንት ግን ሕሊናዬ ወቅሶኝ ሰባ በመቶውን ውሃ ቀየርኩ። በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት። ውሃ መቀየር ነው የገደለው?

መልስ፦ አይዞሽ። ይሄ በእኔም ደርሷል፤ ለዚህ ነው ሰፋ አድርጌ የምመልሰው።

ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም ይበሉታል። ውሃ ካልተቀየረ ያ አቅም ያልቅና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ሆነ ማለት ነው) መውረድ ይጀምራል። ወደ 6 ሲጠጋ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይዝላሉ። አሞኒያው ይከማቻል። ግን በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አብዛኛው አሞኒየም በሚባለው ቅርጽ ስለሚሆን ዓሣውን ብዙም አይጎዳውም። በዝግታ ስለመጣም ይለምደዋል። አንቺም «ደህና ነው» ትያለሽ።

ከዚያ ፒኤቹ 7.5 ወይም 8 የሆነ አዲስ ውሃ በብዛት ትጨምሪያለሽ። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ሲል የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ተኝቶ የነበረው ሁሉ በአንዴ ይነሳል። ዓሣው ደግሞ በዚያው ሰዓት ከለመደው ኬሚስትሪ ወደ ሌላ ተወርውሯል። ስለዚህ ቅየራው አይደለም ጥፋቱ፤ ስድስት ወሩ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያረጀ ውሃ ካጋጠመሽ መጀመሪያ የገንዳውንና የቧንቧውን ፒኤች ለኪ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ብቻ ቀይሪ። ምግቡንም ቀንሺ።

ጥያቄ፦ ፊልተሩን አውጥቼ በቧንቧ ውሃ ጥርት አድርጌ አጠብኩት። በሦስተኛው ቀን ዓሣው ውሃው ላይ ወጥቶ አየር መጎረስ ጀመረ።

መልስ፦ ባክቴሪያዎቹን አብረህ አጥበሃቸዋል። ክሎሪን ይገድላቸዋል። የፊልተሩ ስፖንጅ ሁልጊዜ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ነው የሚታጠበው፤ መጭመቅ ብቻ፣ ጥርት ማድረግ የለም። አሁን አሞኒያና ናይትራይት ለካ። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ስንጥቡም ከቀይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዛሬውኑ ግማሹን ውሃ ቀይር፣ ኤር ፓምፑን ጨምር፣ መመገብ አቁም። ለናይትራይቱ በሊትር 1 ግራም ጨው አሟሟና ጨምር፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ እንዳይገባ ይሻማዋል። ትልቅ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ባይበላ ምንም አይሆንም። እኛ ነን የምንራብለት።

ጥያቄ፦ የኦስካሬ ግንባር ላይ ቀዳዳዎች አየሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ አትደንግጥ። ኦስካር በተፈጥሮው ጭንቅላቱ ላይ ትናንሽ የስሜት ቀዳዳዎች አሉት። በግራና በቀኝ እኩል ከሆኑና ጠርዛቸው ጤነኛ ከሆነ ያው ናቸው። እየሰፉ፣ እየነጡና ነጭ ነገር እያወጡ ከሄዱ ግን ጭንቅላት የሚበሳው በሽታ ነው። በመንስኤው ላይ ሰው ሁሉ አይስማማም፦ አንዳንዱ ስፓይሮኑክሊየስ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ይከሳል፤ ሌላው የቆሸሸ ውሃን፣ ሌላው የምግብ ጉድለትን። እኔ ከውሃው እጀምራለሁ። ናይትሬቱን አውርድ። ቀይ ዓሣ (ጎልድፊሽ) በቁሙ የምትመግበው ከሆነ አቁም፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚሰብር ኢንዛይም አለው፣ በሽታም ይዞ ይመጣል። ኩሱ ነጭና ክር መሳይ ከሆነ፣ ምግብም የሚጠላ ከሆነ፣ ያኔ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው መድኃኒት ይታሰባል። እየበላ ባለበት ጊዜ በምግብ መስጠቱ ውሃ ላይ ከመጨመር ይሻላል። ከዳነ በኋላም ጠባሳው ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ድንጋይ ላይም ይታከካል።

መልስ፦ ኢክ የሚባለው የነጭ ነጥብ በሽታ ነው። ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ አውጣ፤ ሙቅ ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው አየር ጨምር። ነጥቡ ውስጥ ያለውን ተባይ መድኃኒት አያገኘውም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ሲዋኝ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብለህ ሕክምናውን አታቁም፤ ሌላ አንድ ሳምንት ቀጥል።

ጥያቄ፦ የአሮዋናዬ አንድ ዐይን ወደ ታች ዞሮ ቀርቷል።

መልስ፦ ብዙ አሮዋናዎች ላይ ይታያል። ከዐይኑ ኋላ የሚከማች ስብን የሚከሱ አሉ፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ማየቱን የሚከሱም አሉ። ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ግን አይገድለውም። ስባም ምግብ ቀንስለት፤ የሚንሳፈፍ ስጠው።

ጥያቄ፦ ሆዱ አብጧል፤ ቅርፊቶቹም ተነሥተው ቆመዋል። ያሉኝን ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ብጨምርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቅርፊት ሲቆም ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት አቅቶታል ማለት ነው፤ በራሱ በሽታ ሳይሆን የሌላ በሽታ መጨረሻ ነው። እዚህ ከደረሱ የሚድኑት ጥቂት ናቸው፤ በዚህ ላይ አልዋሽህም። ሦስቱን ስትቀላቅል ፊልተርህንም ትገድላለህ፣ የትኛው እንደሠራም አታውቅም። ለብቻው አድርገው፣ ውሃውን ንጹሕ አድርግለት፣ ዓሣ የሚያክም ሐኪም ካገኘህ አሳየው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ለካሁ። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 80። ገንዳው 27 ዲግሪ ነው፤ የምጨምረው ውሃ 19። የክሎሪን ማጥፊያ እጠቀማለሁ።

መልስ፦ ተገኘ። ኩርፊያ አይደለም፤ በርዶት ነው። በቀየርክ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ ትደፋበት ነበር። ፊልተርህ ሥራውን ይሠራል፤ 80ው የሚለው ግን የምትቀይረው ውሃ ያንሳል ነው። ሙቅ ቀላቅለህ 27 ካደረስክ በኋላ ዛሬ ሩቡን ቀይር፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሩብ። ስትቀይር መብራቱን አጥፋው። ተጋድሞ ከቀረ የስንጥቡን ቁጥር ይዘህ ና።