ከመንገድ ለወጣ እግር የሚሆን ጫማ

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ከሆጤ ተነስቼ ጦሳ ላይ እሮጣለሁ። የእግር መንገዱን ትቼ በሣሩና በድንጋዩ መካከል ነው የምወጣው። ያለኝ የአስፋልት መሮጫ ጫማ ነው። ሽቅቡን ደህና ነኝ፤ ቁልቁል ግን ያንሸራትተኛል፣ ድንጋዩም ውስጥ እግሬን ይወጋኛል። አቅሜ ለአንድ ጫማ ብቻ ነው፤ ምኑን አይቼ ልምረጥ? (ከደሴ)

መልስ፦ ጫማውን ገልብጠው ከሶሉ ይጀምሩ። የአስፋልት ጫማ ሶሉ ለጥ ያለ፣ በላዩ ያለው ስፖንጅም ለስላሳ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ የሚቆነጥጠው ነገር የለም፤ የሹል ድንጋይ ጫፍም አልፎ ይሰማል። ለጦሳ ዓይነት ተዳፋት ተነጣጥለው የቆሙ የጎማ ጥርሶች ያስፈልጋሉ። ቁመታቸው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለሣርም ለደረቅ ድንጋይም ይበቃል። ለሐምሌና ነሐሴ ጭቃ 6 ሚሊ ሜትር ይሻላል፤ ነገር ግን ረጅሙ ጥርስ ዐለት ላይ ይተጣጠፋል፣ ቶሎም ያልቃል። የጥርሶቹ ርቀት የቁመታቸውን ያህል ዋጋ አለው። የትንሿ ጣትዎ ጫፍ በመካከላቸው ካልገባ መረሬው ተሰክቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ ኖረውም አልኖረውም አንድ ነው። የተረከዙ ጥርሶች ከፊተኞቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዞሩ መልካም ነው፤ ሲወርዱ ፍሬን የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ጎማውን በአውራ ጣት ጥፍርዎ ጫን ይበሉት። ምልክት አውጥቶ ወዲያው ከተመለሰ ለስላሳ ነው። ጥፍር የማይቀበል፣ የሚያብረቀርቅ ደረቅ ጎማ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ዝናብ የነካው ባዛልት ላይ አይይዝም፤ የእኛ ተራራ ደግሞ በአብዛኛው ባዛልት ነው።

ድንጋዩ እንዳይወጋዎት የሚያደርገው በሶሉና በስፖንጁ መካከል የሚገባ ስስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሁሉም ጫማ የለውም። እጅዎን ወደ ውስጥ አስገብተው በሌላው እጅ አውራ ጣት ከስር፣ ከጣቶች ሥር ያለውን ቦታ በኃይል ይጫኑ፤ ግፊቱ አንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን ተበትኖ ከተሰማዎት አለው። ከዚያ ጫማውን ያጥፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ግማሽ እግርዎ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ አብሮ ይሰበራል፤ የሚደክመው ያኔ ባትዎ ነው።

የጫማው አፍንጫ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ጎኑን በሚሸፍን ወፍራም ጎማ የተለበጠ ይሁን። ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ የሚመታው ብዙውን ጊዜ ትንሿን ጣት ነው።

ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ እግር ሲውል ያብጣል። የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው ቆመው ይለኩ፦ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ፣ ተረከዝ ግን ሲራመዱ ንቅንቅ አይበል። በአንድ ጫማ ሁሉንም ማግኘት ያስቸግራል። አንዱን መተው ግድ ከሆነ ከ6 ሚሊ ሜትር ጥርሱ ይቀንሱ እንጂ ከተረከዙ አያያዝ አይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የጎፍ ደን ውስጥ በእግር ልንጓዝ አስበናል። «ከስክስ አድርግ፣ ቁርጭምጭሚትህን ይይዝልሃል» ይሉኛል። ውኃ የማያስገባ ጫማስ ይሻለኝ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ረጅም አንገት እሾህንና የድንጋይ ምትን ይከላከላል፤ ለአጋምና ለግራር ጥሩ ነው። እግር መታጠፍን ግን ሰው እንደሚገምተው አያስቀርም። ለመታጠፍ ይበልጥ የሚያጋልጠው የሶሉ ውፍረት ነው፤ እግር ከመሬት በራቀ ቁጥር ትንሽ ዘንበል ሲል የሚገለብጠው ጉልበት ይበዛል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚትዎ የሚያሳስብዎ ከሆነ ቀጠን ያለ፣ መሬት የሚነካ ሶል ይፈልጉ።

ከስክስ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ክብደቱ ግን ራሱን የቻለ ሸክም ነው። በሩጫ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሰውነት የኦክስጅን ፍጆታ 1 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ሽቅብ ለሚራመድም አይቀርለትም። ከስክስ ካለዎት አይጣሉት፤ አዲስ የሚገዙ ከሆነ ግን ቀለል ያለውን የእግር ጉዞ ጫማ እመርጥልዎታለሁ።

ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ጫማ ለጤዛና ለእርጥብ ሣር ይጠቅማል። ወንዝ ሲሻገሩ ግን ውኃው በአንገቱ ይገባል፣ ገብቶም አይወጣም። ክረምት ላይ የምመክረው ላዩ ውኃ የሚያወጣ ወንፊት የሆነ ጫማና መቀየሪያ ካልሲ ነው፤ ካልሲው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ እግር ይልጣል። የረጠበውን ጫማ የውስጥ ሶሉን አውጥተው በጋዜጣ ጠቅጥቀው ያድርቁት፣ ወረቀቱ ሲርስ ይቀይሩ። ከሰል አጠገብ ማስጠጋት ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ቆዳውን ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ከልባሽ ገበያ የገዛሁት የተራራ ቦት አዲስ ይመስል ነበር። ሁለተኛ ጉዞዬ ላይ ሶሉ ብትንትኑ ወጣ። ጫማ ሰፊው ቢያጣብቀውም አልያዘም። ለምን? (ከደሴ)

መልስ፦ የብዙ ቦቶች መካከለኛ ሶል ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። ይህ ነገር ባይለበስም ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ሳይለበስ የተቀመጠ ቦት ላዩ አዲስ ሆኖ ውስጡ የሚፈርሰው። ራሱ ስፖንጁ እየተፈረፈረ ስለሆነ ማስቲሽ የሚይዘው ነገር የለም። ልባሽ ሲገዙ ከቆዳው በታች ያለውን የጎን ስፖንጅ በጥፍርዎ ይጫኑ፣ ቦቱንም ደጋግመው ያጥፉ። ጥፍርዎ ሰምጦ ከቀረ፣ ስንጥቅ ከታየ ወይም ዱቄት ከወጣ በነፃም አይውሰዱት።

ስፖንጁ ጤነኛ ሆኖ የተላቀቀው ማስቲሹ ብቻ ከሆነ ይጠገናል። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ፣ ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ፣ ሁለቱም ተቀብቶ ሲነኩት እጅ እስከማይዝ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ተጭኖ እስከ ማግስቱ አይለበስ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማስቲሹ ገና እርጥብ እያለ ስለሚገጠም ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ በሐረጎ ተዳፋት ወደ ኮምቦልቻ በእግር ስወርድ የአውራ ጣቶቼ ጥፍር ይጠቁራል። ጫማው ጠቦኝ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እግሩ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው። ቁልቁለቱ 600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጣት ብዙ ሺህ ጊዜ ይመታል። ጥፍርዎን ከሁለት ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። መውረድ ከመጀመርዎ በፊት ማሰሪያውን እንዲህ ይሰሩት፦ እያንዳንዱን ጫፍ በዚያው ጎን ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፈው ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ የግራውን ጫፍ በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት ያሳልፉ፤ ተረከዝዎን መሬት ላይ መታ አድርገው ወደ ኋላ ካስጠጉ በኋላ ወደ ታች ስበው ይሰሩ። ከላይ ጠበቅ፣ ጣቶች አካባቢ ላላ ይበል። ይህም ተደርጎ ጣት የጫማውን አፍንጫ ከነካ ግማሽ ቁጥር ይጨምሩ።