ላጲሱን አስቀምጡት

ለተወደዳችሁ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አንድን ናሙና ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሁለቱ ውጤቶች ሲስማሙ ሦስተኛው አፈነገጠብኝ። በእርሳስ ነበር የጻፍኩት፤ በላጲስ አጠፋሁት። አለቃዬ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡና የሳሳውን ወረቀት በጣታቸው ዳበስ አድርገው «እዚህ ላይ ምን ነበር?» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቁጥሩ ጨርሶ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የእንግሊዙ ንጉሥ የሪቻርድ ሣልሳዊ አጽም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ፣ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ ቦታው የጥንት ፍራንቸስካውያን ገዳም የነበረበት ነው። አከርካሪው ወደ ጎን ተጣሟል፣ የራስ ቅሉ በጦር መሣሪያ ተመትቷል። በ1485 በቦስወርዝ ጦርነት በ32 ዓመቱ የወደቀው ንጉሥ ይህ ነው ለማለት ይቸኮላል። እኔ ብሆን ኖሮ በዚያው ዕለት ጋዜጠኛ እጠራ ነበር።

ከዚያ የጎድን አጥንቱ ለራዲዮካርበን ልኬት፣ ማለትም በውስጡ ባለው ካርበን ዘመኑን ለማወቅ ተላከ። ሁለት ላቦራቶሪዎች ለኩት፤ ሁለቱም ሰውየው ከ1460 በፊት እንደሞተ አመለከቱ። ንጉሡ ያኔ ገና ልጅ ነበር!

ተመራማሪዎቹ ቁጥሩን አልሸሸጉም፤ ሰውየው ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁ። በባሕር ውስጥ ያለው ካርበን የቆየ ስለሆነ፣ የባሕር ዓሣ የሚያዘወትር ሰው አጥንት ከእውነተኛ ዘመኑ ያረጀ መስሎ ይለካል። የአጥንቱ ኬሚስትሪ ሲመረመር ከባሕር የወጣ ምግብ በብዛት ይበላ እንደነበር ታየ። ልኬቱ በዚህ መሠረት ሲታረም 1485ን አቀፈ። ከሆዱ አካባቢ የተወሰደው አፈር ደግሞ የወስፋት እንቁላል ተገኘበት፤ ጥሩ ማዕድ የሚቀርብለት ንጉሥም ከወስፋት አላመለጠም።

የዘር ምርመራው ይበልጥ ያስገርመኛል። በእናት በኩል የሚወርደው ዲኤንኤ ከንጉሡ እህት ከአን የሴት ሐረግ ከወረዱ ሁለት በሕይወት ያሉ ሰዎች ጋር ተስማማ። በአባት የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ግን ተዛማጅ ናቸው ከተባሉት አምስት ወንዶች ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። በመካከል የሆነ ትውልድ ላይ፣ በመዝገብ የሰፈረው አባት ወላጅ አባት አልነበረም ማለት ነው። በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጡ። ዘር በሚቆጠርበት የመኳንንት አገር ይህን ማተም ወኔ ይጠይቃል።

ስለዚህ ደብተራችሁን በእስክሪብቶ ጻፉ። ስትሳሳቱ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ አስምሩበት፤ የቀድሞው ቁጥር ከሥር ይነበብ። አጠገቡ ቀኑን ጻፉና ፈርሙ። ያፈነገጠውን ናሙና ከነብልቃጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት፤ ለሳምንት ያህል ቦታ ቢይዝባችሁም ታገሡት። የእኔን በዚያው ምሽት አጥቤ ደፍቼው ነበር።