መልስ፦ የእህትሽ ባል የትኛው ዓይነት ነው?

እህቴ፣ «የእህቴ ባል ውጭ ሰው አክባሪ ነው፤ ቤት ሲገባ ግን ይመታታል። እንዲህ ዓይነቱ ምን ይባላል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ሆልትዝወርዝ-መንሮ እና ስቱዋርት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ሚስቶቻቸውን የሚደበድቡ ወንዶችን በሦስት ከፍለዋል። አንዱ ቤተሰቡን ብቻ የሚመታ ነው። ሌላው ስሜቱ የሚዋዥቅ፣ ቀናተኛ፣ «ትታኝ ትሄዳለች» ብሎ የሚሰጋ ነው። ሦስተኛው ቤትም ውጭም ጠበኛ ነው። የእህትሽ ባል የመጀመሪያውን ሊመስልሽ ይችላል። ግን እዚያ ምድብ ውስጥ የሚታየው ዱላ ከሌሎቹ ቀለል ያለ ነው። ውጭ ጨዋ መሆኑ ብቻውን እዚያ አያስገባውም።

እኔ ይበልጥ የሚረዳኝ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ የማይክል ጆንሰን አከፋፈል ነው። እሱ የሚለየው እንዲህ ብሎ ነው፦ ጠብ ሲጋጋል ብቻ የሚነሳ ዱላ ነው ወይስ ሕይወቷን በሙሉ መቆጣጠር? ስልኳን ይፈትሻል? ደሞዟን ይቀበላታል? ከእናንተ ያርቃታል? እነዚህ ካሉ፣ ዱላው አልፎ አልፎ ቢሆንም ነገሩ ከባድ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ሽማግሌ መላክም ያሰጋኛል። ሽማግሌ ፊት የተናገረችው ማታ ዱላ ይሆንባታል።

አንገቷን አንቋት የሚያውቅ ከሆነ ግን ምድቡን ተይው። ማነቅ የግድያ አደጋ ትልቅ ምልክት ነው። ልትለየው ስትነሳም አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ «ትተሽው ውጪ» ከማለትሽ በፊት እሱ የማያውቀው ማረፊያ አዘጋጂላት።