ቁልፉን ካስረከባችሁ በኋላ

ውድ ልጆቼ፣

ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎች በሚያርፉበት ሆስቴል ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት ሰሞኑን እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «አንድ ሰው ከዚህ ወጥቶ ራሱን ችሎ ለመኖር መድረሱ በምን ይታወቃል?» ጥያቄዋ አንድ ሰው አስታወሰኝ። የረባ መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። ስለዚህ ይህን ለእሷም፣ ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎችን ለምትደግፉ ሁሉም እጽፋለሁ።

ሰውየው ወደ ሆስቴላችን ሲመጣ ብዙ ዓመት ውጭ አድሯል። መጀመሪያ አካባቢ አልጋ እያለው መሬት ላይ ነበር የሚተኛው። ጫማውን አያወልቅም። ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ውጭ ጫማ ያወለቀ ይሰረቃል፣ ጀርባውን የሰጠ ይመታል። ጣሪያ ስለተገኘ ብቻ ሰውነት ይህን አይረሳም። ቀስ በቀስ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ከዚያ አልጋው ላይ ወጣ። መታወቂያ አወጣ። ሕክምና ጀመረ። ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ ኖረው። የሚጠበቅበትን ክፍያ ቀኑን ጠብቆ ይከፍላል። ማታ ተረኛ ስሆን እንቅልፍ እምቢ ካለው ወደ መግቢያው ወርዶ ያጫውተኛል። ወሬው ስለ ምንም አልነበረም። አንዳንዴ ስለ ዝናቡ ብቻ ነው።

ነዋሪው ለመውጣት መድረሱን የምንለካበት መመዘኛ ቅጽ ላይ የጎደለው ነገር አልነበረም። ገንዘብ አያያዝ፣ ምግብ ማብሰል፣ ንጽሕና፣ ቀጠሮ ማክበር፣ ከመጠጥ መራቅ። ሁሉም ተሞላ። ቤት ተገኘለት። ቁልፉን ሲረከብ አጨበጨብን። ፋይሉም ወዲያው ተዘጋ፤ ድጋፋችን እዚያ ላይ አበቃ። ደንቡ እንደዚያ ነበር። አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ውጭ አለ። በጀቱም የተመደበው ለአልጋው እንጂ ለሰውየው አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ማታ ማታ በራችን ላይ ብቅ ማለት ጀመረ። የሚጠይቀው ነገር የለም። የቀድሞ ነዋሪ ወደ ውስጥ አይገባም የሚል ደንብም ነበረን። ምክንያት ነበረው፤ ዕዳ ሊያስከፍሉና ዕፅ ሊሸጡ የሚመጡ ነበሩ። ስለዚህ ደጅ ላይ ቆመን እናወራለን። «ቤቱ እንዴት ነው?» ስለው «ጥሩ ነው፣ ግን ጸጥ ይላል» ይለኛል። ሆስቴል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል፣ ሰው ያስላል፣ ጠዋት ስሙን ጠርቶ «እንዴት አደርክ?» የሚል አለ። አዲሱ ቤት ውስጥ ስሙን የሚጠራው አልነበረም። ደብዳቤዎቹ ሳይከፈቱ ተከመሩ። የኪራይ ውዝፍ ተጠራቀመ። በኋላ ወደ በራችን መምጣቱንም ተወ። ቤቱን ማጣቱን የሰማነው ከሌላ ነዋሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ከሩቅ ሲያየኝ ይታጠፋል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቤቱን ማጣቱ ብቻ አይደለም። እኛን ማፈሩ ነው። ያጨበጨብንለትን ቀን እያሰበ «አሳፈርኳቸው» ብሎ ሸሸን።

ይህ ሰው ማብሰል አልጠፋበትም። ገንዘብ መያዝም ያውቅ ነበር። ቅጹ ስለ እሱ ሁሉን ጠይቋል። ከወጣ በኋላ ማን ከጎኑ እንደሚሆን ግን የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም።

በኒውዮርክ ፎርት ዋሽንግተን በሚባል ሰፊ የወንዶች መጠለያ ውስጥ ሐኪሙ ዕዝራ ሰሰርና ባልደረቦቹ ይህንኑ ችግር አይተው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤት ያገኛሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ስለዚህ ከመጠለያው ከወጡ በኋላ ለ9 ወር የሚዘልቅ ድጋፍ አሰቡ። መጀመሪያ ሠራተኛው ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ቀጥሎ ቤተሰብና ክሊኒክ ድጋፉን መሸከም ይችሉ እንደሆነ ይሞክራል። በመጨረሻ ቀስ እያለ እጁን ያወጣል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። 96 ሰዎችን ለ18 ወር ተከታትለው ነበር። ይህን ድጋፍ ያገኙት በአማካይ 30 ሌሊት ያለ ቤት አሳለፉ። የተለመደውን አገልግሎት ያገኙት ደግሞ 91። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ያ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ታየኝ።

ከዚህም አልፎ የሄዱ አሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሳም ጸምቤሪስ እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ «መጀመሪያ ተዘጋጅ» ማለትን ትቶ ቤቱን አስቀደመ። ሕክምናና ድጋፍ ከኋላ ይከተላል። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህን ሐሳብ የአገር ፖሊሲ አድርጋ፣ በጋራ የሚታደርባቸውን መጠለያዎች በር ተዘግቶ ወደሚኖርባቸው የግል ቤቶች ለወጠች። ኪራይ ውሉ የነዋሪው ነው። ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችም አሉ። እኔ ይህን መንገድ አምንበታለሁ። ሰው ብቻውን መኖርን የሚማረው ቤቱ ገብቶ ነው።

ሆኖም ሆስቴል ይቅር ማለቴ አይደለም። አንዲት ሴት ነበረች፣ ከሚደበድባት ሰው ሸሽታ የመጣች። ሻንጣዋ ሁልጊዜ እንደታሰረ አልጋዋ ሥር ነው። ቤት እንፈልግልሽ ስንላት «ገና ነኝ፣ ማታ በሩ ላይ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ» አለች። ትክክል ነበረች። ደግሞ ያንን የወቀስኩትን ቅጽ ትወደው ነበር። በየጊዜው እያስወጣች ባለፈው የት እንደነበረች ታያለች። አንድ ቀን ክፍሏን ስናንኳኳ ሻንጣው ባዶ ሆኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፣ ልብሱ ተሰቅሏል። ማንም አላዘዛትም።

ማንኳኳት ካልኩ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ሰው መለዋወጫ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ እያለ አንኳኩተው «ግቡ» እስኪባሉ ይጠብቁ ነበር። ችኩል ለሆንን ለእኛ ያ ጥበቃ ረጅም ነበር። ለነዋሪው ግን በሩ የራሱ መሆኑን የሚያውቅበት የመጀመሪያው ምልክት ነበር።

ስለ እናንተም ልናገር። ሰው ሲያወራችሁ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ነው። ይህን አልወድላችሁም። «ኬዝ ተዘጋ» ማለትም ታፈጥናላችሁ። ግን ሲከብዳችሁ «ከበደኝ» ትላላችሁ። ያ ጥሩ ነው። እኛ ዝም ብለን ስንብከነከን ኖረን ሥራውን ጥለን የወጣን ብዙ ነን።

ሰው አክብሩ፣ ምስጢር ጠብቁ አልላችሁም። ይህን ማንም ይነግራችኋል። ይልቅ ነዋሪው ከሆስቴል ከመውጣቱ በፊት «እሑድ ከሰዓት ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው እዚያ ላይ ሥራ አለ። አዲሱን ሰፈር ገና ቁልፍ ሳይቀበል አብራችሁት ዙሩ። ከገባ በኋላ ደብዳቤዎቹን አብራችሁት ክፈቱ፤ ውዝፉ ገና የአንድ ወር ሳለ ይነጋገሩበታል፣ ሲከመር ግን ሰው ይሸሸዋል። አለቆቻችሁንም የቀድሞ ነዋሪ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚገባበት ሰዓት ጠይቁ። ዕፅ ሻጩን የሚያስቀር መላ አይጠፋም።

ቁልፉን በሚረከብበት ቀን፣ ከጭብጨባው በፊት፣ ለብቻው ወሰድ አድርጋችሁ ንገሩት። ኪራይ ሊያልፈው ይችላል፣ መጠጡ ሊያገረሽበት ይችላል፣ ቤቱ ሊጨንቀው ይችላል። ያኔ ወዲያው ይደውል። ለማን እንደሚደውል ስም ስጡት። ቁጥሩን ስልኩ ላይ ብቻ አትመዝግቡለት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሸጣል። ወረቀት ላይም ጻፉና በሩ ጀርባ ለጥፉለት።